መውደቅና መቆም፦ የደህንነት ቀበቶ ፊዚክስ

ከምናስተምርበት ክፍል መስኮት ትይዩ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይሠራ ነበር። ስለ ነፃ ውድቀት በምናስተምርበት ዕለት ከተማሪዎቻችን አንዱ ዓይኑን ከሰሌዳው ላይ አንሥቶ ወደ ውጭ ሲመለከት አየነው፤ እኛም አብረነው ተመለከትን። አንድ ሠራተኛ በሦስተኛው ፎቅ ጠርዝ፣ ከባሕር ዛፍ በተሠራ መወጣጫ ላይ ቆሞ ግድግዳ ይለስናል። ከእግሩ 3 ሜትር ዝቅ ብሎ የሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ሲሠጉ ሌላው «ምንም አይሆንም፤ ታስሯል እኮ!» አለ። እውነትም ሠራተኛው ትከሻውን፣ ደረቱንና ጭኑን የሚይዘውን፣ በተለምዶ ሃርነስ የሚባለውን የደህንነት ቀበቶ ለብሷል። ከጀርባው የወረደው ገመድ መንጠቆም ከእግሩ አጠገብ፣ ከአርማታው ብቅ ባለ ፌሮ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነገሩ ሁሉ የተሟላ ይመስላል። ይሁንና ያን ዕለት በሰሌዳ ላይ የሠራነው ስሌት ያሳየን ሌላ ነገር ነው፦ ያ ሠራተኛ ቢወድቅ ኖሮ ገመዱ ሊያድነው አይችልም ነበር። መሣሪያው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ መንጠቆው የታሰረበት ቦታ ስሕተት ስለሆነ ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ይህን ስሌት ደረጃ በደረጃ አብረን እንሥራ። የሚያስፈልገን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው ፊዚክስ ብቻ ነው።

ውድቀት ምን ያህል ይፈጥናል?

የአየርን መጠነኛ ተቃውሞ ለጊዜው ብንተወው፣ የማንኛውም የሚወድቅ አካል ፍጥነት በየሰከንዱ ወደ 9.8 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይጨምራል። ይህም የመሬት ስበት ሽምጠጣ የምንለው ነው። ለስሌት እንዲቀለን በዚህ ጽሑፍ 10 ብለን እንውሰደው።

አንድ ሰው እግሩ አዳልጦት ከወደቀ በመጀመሪያው 0.2 ሰከንድ ውስጥ የሚወርደው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ0.6 ሰከንድ 1.8 ሜትር ይወርዳል፤ ፍጥነቱም 6 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 21.6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንድ ሰከንድ ሲሞላ 5 ሜትር ወርዶ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ከሰው ልጅ ጋር እናወዳድር። አንድ ሰው የሚጠብቀውን ቀላል ምልክት አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ እንኳ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ያልጠበቀው ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ «ብወድቅ አንዱን እንጨት እይዛለሁ» የሚለው ተስፋ ባዶ ነው። እጅ ለመያዝ ሲዘረጋ ሰውነቱ እንጨቱን አልፎታል። «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከፍታ ለምጃለሁ» የሚለው ክርክርም እንዲሁ ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ የመውደቁን ዕድል ሊቀንስ ይችላል፤ ከወደቀ በኋላ ግን ከጀማሪው እኩል ይፈጥናል። ስበት ልምድን አይጠይቅም።

የሚጎዳው መውደቁ አይደለም፤ መቆሙ ነው

በመውደቅ ላይ ያለ ሰው በውድቀቱ ወቅት ጉዳት አይደርስበትም። ጉዳቱ የሚመጣው ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ሲመለስ ነው። ዋናው ጥያቄም ይህ ነው፦ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ የሚመለሰው በምን ያህል ርቀት ውስጥ ነው?

ኳስ በእጁ የሚቀበል ሰው እጁን ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋል። ከአጥር ላይ የሚዘል ልጅም መሬት ሲነካ እግሩን አጠፍ ያደርጋል። ሁለቱም የሚያደርጉት የመቆሚያውን ርቀት ማስረዘም ነው። ይህን በስሌት ለመግለጽ የሥራንና የኢነርጂን ሕግ እንጠቀም። ሰውየው በነፃ ሲወድቅም፣ ገመዱ እየያዘው በሚቆምበት ጊዜም ክብደቱ ወደ ታች መሳቡን አያቋርጥም። ገመዱ ግን ወደ ላይ የሚስበው በመቆሚያው ርቀት ውስጥ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሰውየው ስለቆመ ሁለቱ ሥራዎች እኩል መሆን አለባቸው። ከዚህ የምናገኘው ቀመር የሚከተለው ነው፦

አማካይ የማቆሚያ ጉልበት = ክብደት × (1 + የነፃ ውድቀት ርቀት ÷ የመቆሚያ ርቀት)

ከነመሣሪያው 80 ኪሎ ግራም የሚሆን ሠራተኛ እንውሰድ፤ ክብደቱ 800 ኒውተን ነው። 1.8 ሜትር በነፃ ወድቆ፣ ብዙም በማይለጠጥ የብረት ገመድ ምክንያት በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም የሚያርፍበት አማካይ ጉልበት 800 × (1 + 36)፣ ማለትም 29,600 ኒውተን ይሆናል። የአንድ ኩንታል ክብደት 1,000 ኒውተን ያህል ስለሆነ ይህ ሠላሳ ኩንታል ገደማ በአንድ ሰው አካል ላይ እንደ ማሳረፍ ነው። ይኸው ሰው ከዚያው ከፍታ ወድቆ በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ጉልበቱ 800 × (1 + 4)፣ ማለትም 4,000 ኒውተን ብቻ ነው፤ አራት ኩንታል መሆኑ ነው። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ነው።

በወርቃማው በር ድልድይ ሥር የተዘረጋው መረብ

ይህ ሐሳብ በታሪክ በጉልህ የታየበት አንድ ቦታ አለ። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የጎልደን ጌት፣ ማለትም የወርቃማው በር ድልድይ ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ነበር። ዋና መሐንዲሱ ጆሴፍ ስትራውስ ከድልድዩ ወለል ሥር ትልቅ የደህንነት መረብ እንዲዘረጋ አደረገ። ይህ መረብ 19 ሠራተኞችን ከሞት አተረፈ። የተረፉትም ለራሳቸው «የገሃነም መንገድ አጋማሽ ማኅበር» የሚል የቀልድ ስም አወጡ። መረቡ ያዳናቸው ጠንካራ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን እየረገበ ረጅም የመቆሚያ ርቀት ስለ ሰጣቸውም ነው።

ሆኖም እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1937 አንድ ከባድ የሥራ መድረክ ከነሠራተኞቹ ተገንጥሎ በመረቡ ላይ ወደቀ። መረቡ የተዘረጋው የሚወድቁ ሰዎችን ለመያዝ እንጂ ያን ያህል ሸክም ለመሸከም አልነበረምና ተቀደደ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ሰውን የሚያድነው ቀስ ብሎ የሚያቆም ነገር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ወሰን ያለው መሆኑና ከወሰኑ ውጭ ከተጠቀምንበት እንደሌለ የሚቆጠር መሆኑ ነው።

መሣሪያው ከምን ከምን የተሠራ ነው?

የግል የውድቀት መከላከያ አራት ክፍሎች አሉት፤ ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቀሪዎቹ ሦስቱ ዋጋ የላቸውም።

አንደኛው ሃርነሱ ነው። ሥራው የማቆሚያውን ጉልበት በጭን፣ በዳሌ፣ በደረትና በትከሻ ላይ ማከፋፈል ነው። ግፊት ማለት ጉልበት ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ስለሆነ፣ ስፋቱ ሲጨምር በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይቀንሳል። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ግን ጉልበቱን ሁሉ ለስላሳ በሆነው ሆድና በአከርካሪ ላይ ያሳርፈዋል። በዚህም ምክንያት አሜሪካ የወገብ ቀበቶን ለውድቀት ማቆሚያነት መጠቀምን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ ከልክላለች።

ሁለተኛው ሃርነሱን ከመንጠቆው ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ገመድ ነው። ሦስተኛው በገመዱ ላይ የሚገኘው ጉልበት አብራጅ ነው። ይህ ክፍል በመኪና ላይ አሞርዛተር የምንለውን ያስታውሰናል፤ አሠራሩ ግን ይለያል። ተጣጥፎ የተሰፋ ጠንካራ ጥብጣብ ነው። ሰው ሲወድቅ ስፌቱ በተከታታይ እየተተረተረ ይሄዳል፤ የውድቀቱም ኢነርጂ ክሮቹን በመበጠስና በሙቀት መልክ ይባክናል። አንዴ ከተተረተረ ሁለተኛ አያገለግልም። የአውሮፓ ደረጃ ይህ ክፍል በአካል ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ከ6 ኪሎ ኒውተን እንዳያሳልፍ ያዛል፤ የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ሃርነስ ለለበሰ ሰው ወሰኑን 8 ኪሎ ኒውተን አድርጎታል። ተራ የቃጫ ወይም የናይለን ገመድ ግን እንዲህ ያለ ወሰን አይጠብቅም። ገመዱ ላይበጠስ ይችላል፤ ሰውየው ግን ይጎዳል።

አራተኛው መንጠቆው የሚታሰርበት ነጥብ ነው። የአሜሪካ ደንብ ይህ ነጥብ ለእያንዳንዱ ሰው 22.2 ኪሎ ኒውተን እንዲሸከም፣ አለዚያም ብቃት ባለው ባለሙያ ተሰልቶ ከሚጠበቀው ጉልበት ቢያንስ እጥፍ የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። 22.2 ኪሎ ኒውተን ማለት ሃያ ሁለት ኩንታል እህል ማንጠልጠል እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው መንጠቆውን ከማሰሩ በፊት ራሱን «በዚህ ነገር ላይ ሃያ ሁለት ኩንታል ባንጠለጥል ይችል ይሆን?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በሚስማር የተመታ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ የውኃ ቱቦ፣ የበረንዳ መደገፊያ ወይም ጫፉ ክፍት የሆነ ፌሮ ለዚህ ጥያቄ አዎንታዊ መልስ የላቸውም። ፌሮው ባይጎብጥ እንኳ መንጠቆው ከጫፉ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ገመድ፣ ሁለት ቦታ

አሁን ወደ መስኮታችን ሠራተኛ እንመለስ። ገመዱ 1.8 ሜትር ይረዝማል እንበል። የሃርነሱ ቀለበት በጀርባው፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ከእግሩ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ጉልበት አብራጁም የሚተረተረው በ4 ኪሎ ኒውተን ነው እንበል። ፌሮው ላይችል ይችላል ያልነውን ለጊዜው ትተን እንደሚችል አድርገን እንቁጠረው።

በመጀመሪያ መንጠቆው በእግሩ ደረጃ ታስሯል። ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ የሚወጠረው መቼ ነው? ቀለበቱ መጀመሪያ ከመንጠቆው በላይ ያለውን 1.5 ሜትር፣ ከዚያም ከመንጠቆው በታች ያለውን 1.8 ሜትር ከተጓዘ በኋላ ነው። ድምሩ 3.3 ሜትር ይሆናል። በረንዳው ያለው ግን 3 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ነው። እንግዲህ ሰውየው በረንዳውን የሚመታው ገመዱ ገና ሳይወጠር ነው! በዚያን ጊዜ ፍጥነቱ 7.7 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሃርነሱ፣ ገመዱና ጉልበት አብራጁ ሁሉም አሉ፤ አንዳቸውም ግን ሥራቸውን አልጀመሩም። በክፍሉ ውስጥ «ታስሯል እኮ» ያለው ተማሪ ይህን ውጤት በሰሌዳው ላይ ሲያይ ዝም አለ።

በረንዳው ባይኖር እንኳ ነገሩ አሳሳቢ ነው። የ3.3 ሜትር ነፃ ውድቀት የአሜሪካው ደንብ ከሚፈቅደው 1.8 ሜትር እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። ለ1.8 ሜትር የተሠራ ጉልበት አብራጅም ስፌቱ ተተርትሮ ካለቀ በኋላ የቀረውን ኢነርጂ በድንገት በአካሉ ላይ ያሳርፈዋል።

ቀጥሎ ያንኑ መንጠቆ ከራሱ በላይ ባለው ቢም ላይ፣ ከእግሩ በ2.5 ሜትር ከፍታ እናስረው። ቢሙ ከጀርባው ቀለበት 1 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ነፃ ውድቀቱ ከ1.8 ላይ 1 ሲቀነስ 0.8 ሜትር ብቻ ይሆናል። የመቆሚያውን ርቀት ከቀመራችን ስንፈልግ 4,000 = 800 × (1 + 0.8 ÷ የመቆሚያ ርቀት) ይሆናል፤ ከዚህም 0.2 ሜትር እናገኛለን። ሃርነሱ በሰውነቱ ላይ ለሚሸሽበትና ለሚለጠጥበት 0.3 ሜትር ብንጨምር እግሩ በድምሩ 1.3 ሜትር ወርዶ ይቆማል። ለጥንቃቄ የሚተወውን 1 ሜትር ብንደምር እንኳ 2.3 ሜትር ነው፤ በረንዳው ጋ አይደርስም።

ሰውየው አንድ ነው፤ ገመዱም አንድ ነው፤ ዋጋውም አልጨመረም። የተለወጠው መንጠቆው ያለበት ከፍታ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ መንጠቆው ከራስ በላይ ይታሰር፤ ከእግር በታች ያለውም ባዶ ቦታ አስቀድሞ ይለካ።

ወደ ጎን መራቅና መወዛወዝ

ከራስ በላይ ማሰር ብቻውን ግን አይበቃም፤ በቀጥታ ከራስ በላይ መሆን አለበት። ከተወጠረ ባለ 4 ሜትር ገመድ ጋር የታሰረ ሰው ከመንጠቆው ትክክለኛ ቁልቁል 3 ሜትር ወደ ጎን ርቆ ቢወድቅ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል። በፓይታጎረስ ሕግ ስናሰላ እስከ ዝቅተኛው ነጥብ ድረስ 1.35 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚያ ነጥብ ያለው ፍጥነት ያንኑ ያህል በቀጥታ ቢወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው፤ 5.2 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ያህል። በዚያ ቦታ ኮለን ወይም ግድግዳ ካለ፣ ገመዱ ከታች ካለው መሬት ቢያድነውም ከጎን ካለው ግድግዳ አያድነውም። ገመዱም በአርማታው ስለታም ጠርዝ ላይ ሲንሸራተት ሊቆረጥ ይችላል።

ከቆሙ በኋላ

ብዙዎች ገመዱ ከያዘ በኋላ አደጋው ያለፈ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በሃርነስ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ሰው ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። ስንራመድ የእግራችን ጡንቻዎች ደምን ወደ ልብ ለመመለስ ይረዳሉ። እንቅስቃሴ ሲቆም ግን ደም በእግር ውስጥ ይከማቻል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰውም እየቀነሰ ሄዶ ራስን ወደ መሳት ያደርሳል። ይህ ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት «የተንጠለጠለውን ማን፣ በምን ያወርደዋል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። የተንጠለጠለው ሰውም ራሱን ካወቀ እግሮቹን ማንቀሳቀስ፣ ወይም በገመድ ቀለበት ላይ እየረገጠ መቆም ይኖርበታል።

ከመልበስ በፊት

ጥብጣቡና ገመዱ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠሩ ናቸው። ፀሐይ፣ የብየዳ ፍንጣሪ፣ ኬሚካልና መፈተግ ያዳክሟቸዋል። በየዕለቱ ከመልበስ በፊት በዓይንና በእጅ መፈተሽ ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የተቆረጠ፣ የተቃጠለ ወይም የነጣ ጥብጣብ፤ የተፈታ ስፌት፤ የጎበጠ ወይም የዛገ ቀለበት፤ በራሱ የማይዘጋ መንጠቆ። ገመዱን ለማሳጠር መቋጠር አይገባም፤ ቋጠሮ ያለበት ቦታ በጥብቅ ስለሚታጠፍ ጥንካሬው በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ሰው የወደቀበት መሣሪያም፣ ደህና ቢመስል እንኳ ከአገልግሎት መውጣት አለበት። የጭኑ ማሰሪያ ላልቶ መታሰርም የለበትም፤ ሰውነት ሲወድቅ በውስጡ ሊሾልክ ይችላልና።

ወደ መስኮቱ ስንመለስ

በዚያን ዕለት ቀትር ላይ መንገዱን ተሻግረን ከፎርማኑና ከሠራተኛው ጋር ተነጋገርን። ሠራተኛው «ጋሼ፣ ከላይ ካሰርኩት ወዲያ ወዲህ ማለት አልችልም፤ በየደቂቃው መፍታት ሊኖርብኝ ነው» አለን። መልሱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም፤ እውነተኛ የሥራ ችግር ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመሄድ መንጠቆውን በፈታበት ቅጽበት ነው። ለዚህ ሲባል የተሠራ ባለ ሁለት ክንድ ገመድ አለ። አንዱ መንጠቆ ሳይፈታ ሌላው ወደ ፊት ይታሰራል፤ ሠራተኛው ለአፍታም ሳይታሰር አይቆምም። ፎርማኑ ስሌቱን በወረቀት ላይ ካየ በኋላ ቀና ብሎ ቢሙን ተመለከተ። በማግስቱ ከመስኮታችን ስናይ መንጠቆው በቢሙ ላይ በተጠመጠመ ሰፊ ማሰሪያ ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ የመጨረሻው መከላከያ መሆኑንም መዘንጋት የለብንም። ከሁሉ የሚሻለው መሬት ላይ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ መሬት ላይ መሥራት ነው። ቀጥሎ ጠርዙን በጠንካራ መከለያ ማጠር፣ አለዚያም ገመዱን ከጠርዙ በማያደርስ ልክ ማሳጠር ይመጣል። ሃርነስ የሚያስፈልገው እነዚህ ሳይቻሉ ሲቀሩ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ፣ ሠራተኛውም በተሰጠው መሣሪያ በአግባቡ እንዲጠቀም ግዴታ ጥሏል። አዋጁ መሣሪያው እንዲኖር ያደርጋል፤ መንጠቆው የት መታሰር እንዳለበት የሚነግረን ግን ስሌቱ ነው። ነገ መሐንዲስ፣ ቴክኒሻን ወይም አሠሪ የምትሆኑ ተማሪዎች ይህን ስሌት ከፈተና ወረቀት ውጭም እንድትሠሩት እንጠብቃለን።

ለአንባብያን የቀረበ ጥያቄ

ከነመሣሪያው 100 ኪሎ ግራም የሆነ ሠራተኛ መንጠቆውን በጀርባ ቀለበቱ ደረጃ አስሯል። ገመዱ 1.8 ሜትር ነው፤ ጉልበት አብራጁ በ4 ኪሎ ኒውተን ይተረተራል። ለሃርነሱ 0.3 ሜትር፣ ለጥንቃቄ 1 ሜትር ተውለት። ከእግሩ በታች ምን ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል? (መልስ፦ የመቆሚያ ርቀቱ 0.6 ሜትር ስለሚሆን ድምሩ 3.7 ሜትር ነው። የፎቁ ከፍታ 3 ሜትር ከሆነስ? መንጠቆው ወደ ላይ መውጣት አለበት።)